ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፦ ዶማ፣ ባሕር ዛፍና የሸዋ አፈር

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የዓድዋ ድል ነው። ቀጥሎ ባቡሩ፣ ስልኩ፣ ባንኩና ትምህርት ቤቱ ይከተላል። አርሶ አደሩ ግን የእሳቸውን ሥራ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከማሳው ዳር፣ ከጓሮውና ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ በእሳቸው ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባ ነው። በዚህ ዛፍ ቤት ይሠራበታል፣ ልጅ ይዳርበታል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈልበታል። በዚሁ ዛፍ ምክንያት ደግሞ ጥላው ጤፍ አቀጨጨ፣ ሥሩ ምንጭ አደረቀ እየተባለ ጎረቤትና ጎረቤት ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ከዙፋኑ በኩል ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከአፈሩ በኩል ሲታይም የሚነገርለት አለው።

አንጎለላ

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ ነው። አባታቸው ኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ አያታቸው ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር።

አንጎለላና አካባቢው ብርድና ውርጭ የማይለየው፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ከባድ አፈር ያለው የገብስ አገር ነው። በዚህ አካባቢ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ጓይ የሚባል ዘዴ አለ። ለብዙ ዓመታት ጦም ያደረ መሬት ይታረሳል። የተገነጠለው ጓል ከደረቀ በኋላ በትንንሽ ክምር ይሰበሰባል። ከክምሩ ውስጥ ኩበትና ሣር ይደረግና እሳት ይለቀቅበታል፤ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ይሰነብታል። ከዚያ የተቃጠለው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። ሙቀቱ ከባዱን ጭቃ እንደ አሸዋ ስለሚያደርገው ውኃው ይሰርጋል፣ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው ምግብም ለሰብሉ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። ሁለተኛው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ መሬቱ 10 እና 15 ዓመት እንዲያርፍ ይተዋል፤ ምክንያቱም እሳቱ ለአንድ ምርት ሲባል ለዘመናት የተጠራቀመውን ብስባሽ አቃጥሎታል።

ጓይን ኋላ ቀር ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። ነገር ግን በብርድ አገር ውኃ የሚተኛበትን አፈር ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ለማልማት የተገኘ መላ ነበር። ገበሬውም መሬት እንደሚደክምና እንደሚያርፍ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጓይ የማያዋጣ የሆነው የሕዝብ ቁጥር በዝቶ 15 ዓመት የሚያርፍ መሬት ሲጠፋ ነው። ከአንኮበር በታች በይፋት ቆላ ደግሞ አርጎባዎች ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ከፋፍለው ያርሱ ነበር። ምኒልክ ያደጉት እንግዲህ አፈርን የሚያቃጥልና አፈርን የሚክብ ገበሬ ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር ነው።

ይህ የልጅነት ኑሮ ግን ብዙ አልቆየም። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጃቸውም ተይዘው ሄዱ። በመቅደላ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። በ1875 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ ብጡልን አገቡ።

ክፉ ቀን

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ አገሩ በረሃብ ላይ ነበር። ነገሩ የጀመረው ከከብት ነው። ለኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ወረደና በአገሪቱ ከነበረው ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ዝናቡ ተዛባ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ፤ ፈንጣጣና ኮሌራ ተጨመረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል።

በሬ ሲሞት የሚጠፋው የሚጎትተው ጉልበት ብቻ አይደለም። በሬው ጭድ ይበላል፣ ፍግ ይሰጣል፣ ፍጉ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ያ ሁሉ ዙር አብሮ ይቋረጣል። በክፉ ቀን መሬት ሞልቶ ሰው የተራበው ለዚህ ነው። ዘር ቢገኝ እንኳ የሚያርስበት አልነበረም።

ምኒልክ ያደረጉት ሦስት ነገር ነው። የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ለተራበው ሕዝብ አስከፈቱ። ሕዝቡ ከብት አጥቶ እሳቸው የበሬ ሥጋ አልበላም ብለው ተዉ። ሦስተኛው ግን ለዚያ ዘመን ሰው እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፦ ዶማና መቆፈሪያ አሠርተው ለሕዝቡ ካከፋፈሉ በኋላ፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱንና ወታደሩንም እንዲቆፍሩ አደረጉ። በዘመኑ መኳንንትና ወታደር ከገበሬው የሚበላ እንጂ አፈር የሚነካ አልነበረም። በዶማ መቆፈር ደግሞ የድሃ ድሃ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ንጉሡ ሲቆፍሩ ያየ መኮንን እኔ አልቆፍርም ማለት አልቻለም። በእርግጥ በዶማ የተቆፈረ ጥቂት መሬት አገር አያጠግብም። ብዙ ሕዝብ አልቋል። ቢሆንም ሰው እጁን አጣጥፎ በሬ እስኪመጣ እንዳይጠብቅ ያደረገ ምሳሌ ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ሥርዓት አለ። ቀደም ሲል ወታደሩ በየገበሬው ቤት ተመርቶ፣ ገበሬው ያለውን እያበላ ያኖረው ነበር። በ1884 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያስገባና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ደነገጉ። ትእዛዙ በሁሉም ቦታ እኩል አልተፈጸመም። ነገር ግን ጎተራው እስኪጠረግ የሚበላበት ገበሬ የዘር እህሉን ማቆየትም ሆነ ለነገ ብሎ መሬቱን መንከባከብ እንደማይችል የታወቀበት ድንጋጌ ነው።

እንጨት የጨረሰ ከተማ

ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼም ወደ እንጦጦ መቀመጫቸውን አዛውረዋል። የቀደሙት ነገሥታትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ለዚህ ፖለቲካና ጦርነት ምክንያት ቢሆኑም ከሥር ያለው አንዱ ምክንያት ማገዶ ነው። ብዙ ሺህ ሠራዊት፣ አጋሰስና አገልጋይ የሰፈረበት ቦታ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዙሪያው ያለውን ጥድና ወይራ ይጨርሳል። እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ይነሣል። የተራቆተው ጋራ ግን ባለበት ይቀራል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ላዩ ላይ ያለው ለም አፈር ከጎርፉ ጋር ይወርዳል።

እንጦጦም ከዚህ አላመለጠም። ብርዱና የእንጨቱ እጦት ሲበረታ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከተማው ወደ ታች ወረደ፤ ነገር ግን እንጨት ፈላጊው ይበልጥ በዛ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት ልትተው ተቃረበች። ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጫካ ባለበት ቦታ አዲስ ዓለምን መቆርቆር ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፣ መንገድ ወጣ።

እንጨት ሲጠፋ በአፈሩ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ማንም የደጋ ገበሬ ያውቀዋል። ማገዶ ያጣች እናት ኩበት ትጠፈጥፋለች። ለማሳው የሚሆነው ፍግ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጫካ የጨረሰ አገር አፈሩን ሁለት ጊዜ ያጣል፦ አንድ ጊዜ በጎርፍ፣ ሁለተኛ በጭስ። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ከየግቢው ፊት ተከምሮ የሚታየው ኩበት ማሳ ላይ ሊወድቅ የሚገባው ማዳበሪያ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

በ1887 ዓ.ም. ገደማ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ዘሩን ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ ሁለት ወሬ አለ። ብዙዎች ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለውን የምኒልክ ፈረንሳዊ አማካሪ ይጠቅሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ሕዝቡ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው ሲል ባሕር ዛፍ አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ዛፉ ለደጋው ሰው የተመቸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፈጥኖ ያድጋል፤ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ለማገርና ለአጣና ይደርሳል፤ ጥድ ግን ለዚያ ትውልድ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ከብትና ፍየል ቅጠሉን አይቀምሱትም፤ ስለዚህ አጥርና ጠባቂ አይፈልግም። ሦስተኛ፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ለልጁም ይተርፈዋል። በደጋው የተስፋፋው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀዩ ሞቅ ያለውን አገር ይወዳል።

ምኒልክ ዛፉን ያስፋፉት በትእዛዝ ብቻ አልነበረም። ችግኙ በትንሽ ዋጋ ለሕዝቡ እንዲዳረስ አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ አወጡ። ይህ ብልኅነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ገበሬና ከተሜ ዛፍ የሚተክለው ስለታዘዘ ሳይሆን ስለሚጠቅመው ነው፤ በዘመቻ ተተክለው በበጋው የደረቁ ችግኞችን የቆጠረ የወረዳ ባለሙያ ይህን ያውቀዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባ ግቢዎችና የእንጦጦ ተዳፋት በባሕር ዛፍ ተሸፈኑ። የከተማዪቱም መነሣት ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እስከ ዛሬም የአዲስ ዓለም ማርያም ተብሎ ይታወቃል። ኢትዮጵያ የማይነሣ ዋና ከተማ ያገኘችው በዛፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ቅሬታውም ወዲያው መጣ። ዛፉ ውኃ ይጠጣል፣ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ተባለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው በተኙበት ወቅት፣ ከባሕር ዛፉ አብዛኛው ተነቅሎ በምትኩ ቅጠሉ ለሐር ትል የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ማንም አልነቀለም። የሚቆረጥና የሚሸጥ ዛፍ እያለ ትል ለማርባት የሚነቅል ሰው ከየት ይገኛል?

ያ ክርክር ዛሬም አላበቃም። በጊንጪ አካባቢ በጥቁር አፈር ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ከማሳ ዳር የተተከለ ነጭ ባሕር ዛፍ ከተከላው መስመር እስከ 12 ሜትር ድረስ የጤፍና የስንዴ ምርትን ይቀንሳል። ይኸው ጥናት ግን ከእንጨቱ የሚገኘው ገንዘብ የጠፋውን እህል ከመተካት አልፎ ትርፍ እንደሚሰጥ አገኘ። ገበሬው ጥናቱን ሳያነብ ይህንኑ ሒሳብ ሠርቶታል። ችግሩ ሒሳቡ የእሱን ብቻ መያዙ ነው፤ 12 ሜትሩ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲሻገር ትርፉ የአንዱ፣ ኪሳራው የሌላው ይሆናል። በትግራይ ክልል በ1989 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል የተከለከለው በዚህ ዓይነት ሥጋት ነበር። ክልከላው ዛፉን ከማሳ ወደ ተራራማና ለእርሻ ወደማይሆን ቦታ ለመግፋት የታሰበ ነው። አሳቡ ትክክል ነው፤ ምንጭ አጠገብና ለም ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ ቦታው አይደለም። በቦረቦር አፋፍና በተራቆተ ዳገት ላይ ግን፣ ቅጠሉ ለማገዶ እየተጠረገ እስካልተወሰደ ድረስ፣ ከባዶ መሬት ይሻላል፤ ኩበቱንም ወደ ማሳው ይመልሳል።

በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ዲከረንስ የሚባለውን፣ እሱም ከአውስትራሊያ የመጣውን ግራር፣ በአሲዳማ መሬታቸው ላይ ከጤፍ ጋር ዘርተው፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስለው፣ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዝ አፈሩን አያደኸየውም። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ተከላ አጥፍቷል። አንድ ዛፍ ብቻ መያዝ፣ አንድ በሬ ብቻ ይዞ ክፉ ቀን እንደመጠበቅ ነው።

በነገራችን ላይ ባሕር ዛፍ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚሸጠው በቁሙ ነው። ነጋዴ መጥቶ በዓይኑ ገምቶ ይገዛዋል፤ ገበሬው ስንት አጣና፣ ስንት ቋሚ እንደወጣው ሳይቆጥር ገንዘቡን ይቀበላል። እህሉን በማኅበር የሚሸጥ ሰው እንጨቱን ለብቻው መሸጡ የሚገርም ነው።

ቃሊቲና የአቃቂ ሜዳ

ከእንጦጦ የወረደው ውኃና አፈር የሚሄደው ወደ አቃቂ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዱና ከአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያም አዋሽ ይገባሉ። በዚህ መንገድ ላይ ያለው ቃሊቲ ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው፤ ቀጥሎ ፋብሪካዎቹንና የጉምሩክ መጋዘኑን። ግንቡና አጥሩ ከመምጣታቸው በፊት ግን ያ ሜዳ የመረሬ አገር ነበር። በኦሮምኛ ኮቲቻ ይባላል፤ ዋልካ የሚሉትም አሉ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ውኃ ያቁራል። ቤት የሠራበት ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ መንገድ የሠራበት ደግሞ አስፋልቱ ሲጎብጥ ያውቀዋል።

በምኒልክ ዘመን እንዲህ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ለግጦሽ የሚሆን ነበር። ገበሬው በክረምቱ አጋማሽ ጤፍ ይዘራበታል፤ ወይም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ሽምብራና ጓያ ያስገባበታል። ያ ማለት ኃይለኛው ዝናብ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ታርሶ ራቁቱን ይቆማል ማለት ነው። ሜዳማ ስለሆነ አፈሩ የማይሄድ ይመስላል፤ ግን ይሄዳል። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አለ፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ነው።

ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ገበሬው ለዚህ ችግር የራሱን መላ ካገኘ ቆይቷል። ቤተሰቡ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየሳበ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠራል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው በመደቡ ላይ ቀድሞ ይዘራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተው ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ፤ ቢቢኤም በሚል ስም ታወቀ። ሥራን በብዙ ቢያቃልልም ሁሉም ዘንድ አልተወደደም። ለደከመ በሬ ይከብዳል። ደግሞም ከአንዱ ቦይ የወጣ ውኃ ከሌላው ማሳ ላይ ይፈሳል፤ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ገበሬ ተስማምተው የጋራ መውረጃ ካላወጡ ቦዩ ጠብ ይወልዳል።

በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ በምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው በውኃ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለው። ቆይቶም ኢጣሊያኖች ከቃሊቲ በታች የአባ ሳሙኤልን ግድብ ሠሩ። ግድቡ በደለል ተሞላ፤ ማመንጫውም ለአሥርታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀመረ። ሐይቁን የሞላው ደለል ከላይ ካለው ጋራ፣ ከማሳውና ከከተማው ቦይ የወረደ አፈር ነው። ከአዲስ አበባ በላይ ያለ ገበሬ እርከን ቢሠራ ባይሠራ ለከተማው ምን ያገባዋል የሚል ሰው ካለ አባ ሳሙኤል ሄዶ ማየት ይችላል።

ቃላድና ገባር

ምኒልክ ለአፈሩ ያተረፉት ሁሉ ግን ዛፍና ዶማ አይደለም። ግዛታቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲሰፋ መሬት በቃላድ እየተለካ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ። በየቦታው የነበረው ገበሬ ገባር ሆነ፤ ከምርቱ ከመስጠት አልፎ ለባለ ጉልቱ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል። መሬት በልምድ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በሦስት ይመደብ ነበር፤ ይህ አመዳደብ ኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ሕግ ውስጥም ገባ።

ይህ ሥርዓት በአፈሩ ላይ ያደረሰው ጉዳት በጎርፍ ከደረሰው አያንስም። ነገ ይነሣ አይነሣ የማያውቅ ሰው እርከን አይክብም። ፍግ አብዝቶ ጠፉን ለም ቢያደርገው የሚከተለው ከፍ ያለ ግብር ከሆነ፣ ያለፋው ልፋት በእሱ ላይ ይመለስበታል። ዛፍም ለባለ መሬቱ እንጂ ለተከለው አይሆንም። ምኒልክ ባሕር ዛፍን ሲያስፋፉ ግብር በማንሣት ሰውን የሳቡበት ብልኅነት በእርሻ መሬቱ ላይ ተቃራኒው ነው የተሠራው። ዓድዋን የመሩ፣ በክፉ ቀን የቆፈሩ ንጉሥ ይህንንም ትተው ሄደዋል፤ አንዱን ተናግሮ ሌላውን መደበቅ ደግ አይሆንም።

ገባሩ የተፈታው በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ነው። ያም ሆኖ ዋስትናው ወዲያው አልመጣም። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ብዙው ፈረሰ፣ የመንግሥት ጫካ የሚባለውም ተጨፈጨፈ፤ ገበሬው የእኔ ነው ብሎ አያውቀውም ነበርና። በዚያው ዘመን በምኒልክ የትውልድ አገር በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና አቅራቢያ አንዲት ጥድ ላይ፣ በሌሎችም ቦታዎች የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ የሚታጠበው አፈር መለካት ጀመረ። ከነዚህ ልኬቶች ተነሥቶ በ1980ዎቹ የወጣው ግምት ከታረሰ ማሳ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል የሚል ነው። ይህ በማሳው ላይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ነው። ሲታይ ምንም አይመስልም፤ በአንድ ሰው የእርሻ ዘመን ግን ከአንድ ጋት ይበልጣል።

የመሬት ይዞታ ደብተር በትግራይ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት ሲጀምር ነው ገበሬው በስሙ የተጻፈ መሬት በእጁ የያዘው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከዚህ አልፎ፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የሚበልጥ መሬት እንዳይታረስ፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለውም እርከን ተሠርቶለት ብቻ እንዲታረስ ደንግጎ ነበር። መብቱና ግዴታው በአንድ ወረቀት ላይ ተቀመጡ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴርም አንዱ ሆኖ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሠራተኛውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን፣ ፋቂን የሚንቅ አገር ማረሻና ሞፈር፣ ልብስና ጠፍር ከየት እንደሚያገኝ አያስብም ነበርና። አዋጁ በአንድ ቀን ልማድን አልለወጠም፤ ሆኖም በክፉ ቀን ዶማ ካነሡበት እጅ የወጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ጤናቸው እየታወከ ሄደ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሰየሙ። ከዚያ ወዲያ ሥራውን የሚመሩት ሌሎች ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ ተደብቆ ቆየ። ያስጀመሩት ባቡር አቃቂን አልፎ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ዐፅማቸው ዛሬ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ይገኛል።

ከበዓታ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና የሚል ሰው እንጦጦን ያያል። በዚያ ተዳፋት ላይ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባሕር ዛፉ በተራ እየተቆረጠ በምትኩ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ሲተከል ቆይቷል። ሥራው ቀርፋፋ ነው። የአገር በቀሉ ችግኝ ጉልበቱ ድረስ ሳይደርስ ከአጠገቡ ያለው የባሕር ዛፍ ጉቶ አቆጥቁጦ ይበልጠዋል፤ ሠራተኞቹም በየዓመቱ እየተመለሱ ቀንበጡን ይመለምሉታል።